ቁልፉ መሀል ላይ ይቁም

...እና ይሄን ታሪክ የሰማ ሰው ጊዜዬ በከንቱ አለፈ አይልም፣ ዋስ እሆናለሁ፣ ይላል አክመል በሆዱ፣ ሆዱ ውስጥ ሁሌ አንድ አድማጭ አለ፣ የማይሰለች፣ የማያቋርጠው፣ ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም የሚያስረዳው ለእሱ ነው፣ ስማኝማ ይለዋል አሁን፣ የሞተ ሃርድ ዲስክ በጥፍር መቁረጫ ሲነሳ አይተህ ታውቃለህ፣ አታውቅም፣ ዛሬ ታያለህ፣ እዚሁ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሱሉልታ መሀል፣ የጎጃም መንገድ ከጠዋት ጀምሮ በድንጋይ ተዘግቶ፣ መብራት ከሐሙስ ወዲህ ጠፍቶ፣ ኢንተርኔት ተቆርጦ፣ እንዲህ ሲሆን ነው ባለሙያ የሚለየው፣ ሁሉ ነገር ከተሟላማ ማንን ያቅተዋል።

ቅዳሜ። ነሐሴ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ።

እንጦጦ ላይ ደመናው ጠቁሯል፣ ገና ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይሰጠናል ብሎ ይገምታል፣ ሃያ ደቂቃም ቢሆን ይበቃል፣ ዲስኩ ጭኑ ላይ ነው፣ የኦቦ ጎበና ዲስክ፣ ኦቦ ጎበና ቱፋ ከከተማው በታች ወደ ጫንጮ በሚወስደው ሜዳ ላይ ገብስና ድንች ያመርታሉ፣ ዛሬ ማለዳ ሙሉውን ኮምፒውተር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ አህያ ላይ ጭነው፣ ልጃቸውን ዱርሲቱን አስከትለው፣ በዋናው መንገድ ስለማይኬድ በማሳ ለማሳ አቆራርጠው መጡ፣ ኮምፒውተር በአህያ፣ ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ ኮምፒውተሩ ግን ጠብታ አልነካውም፣ አህያዋ አሁን ከሚኒባሱ ፊት ለፊት ባለው በአክመል አባት ሱቅ በረንዳ ላይ ታስራለች፣ ሱቁ ግማሽ በሩን ዘግቷል፣ በረንዳው ላይ ያለችው ጠረጴዛ የአክመል ናት፣ ከጠረጴዛዋ በላይ ደግሞ በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈው ካርቶን አለ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ቆጣሪ ያውርዱ፣ አለቀ።

አለቀ።

ተወው አሁን እሱን። አታስበው።

ይነሳል ወይ አክመል፣ ይላሉ ኦቦ ጎበና ከኋላ ወንበር፣ ዱላቸው በጉልበታቸው መሀል፣ ይነሳል ኦቦ ጎበና፣ አንቱ ብቻ ዘና በሉ፣ አፉ ሁሌ ይቀድማል፣ እጁ ሮጦ ይደርስበታል፣ እስከዛሬ ሳይደርስበት የቀረ ቀን የለም፣ አንድ ሁለት ቀን ቢኖር ነው፣ ዛሬ ግን መድረስ አለበት፣ ምክንያቱም ዲስኩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ።

ኦቦ ቱፋ። የኦቦ ጎበና አባት። ግንቦት ላይ ያረፉት።

ጥር ላይ ነበር፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ሲባል፣ ቀርቷል ተባለ እንጂ ማን እንቅልፍ ተኛ፣ ሜትር ይዞ የሚመጣው ሰው ዛሬ ይምጣ ነገ አይታወቅም፣ ስለዚህ ሁሉም ወሰኑን ከጎረቤቱ ጋር ቀድሞ ማስለየት ፈለገ፣ ኦቦ ቱፋ በዚያ በሰማንያ ስንት ዓመታቸው ተነስተው ወሰናቸውን በእግራቸው ዞሩት፣ ዱርሲቱ ከኋላ ከኋላቸው በሞባይል ቀረጸቻቸው፣ ይሄ ጽድ፣ ይሄ ድንጋይ፣ እያሉ በዱላቸው እየነኩ፣ ከዚያ ሞባይሏ ሞላባት፣ ቪዲዮውን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጣ ከሞባይሏ አጠፋችው፣ ማን አያደርገውም፣ ሁላችንም የምናደርገው ነው፣ አሁን ጎረቤትየው ወሰናችን ፈፋው ነው ይላል፣ ኦቦ ጎበና ከፈፋው ወዲያ ያለው ድንጋይ ነው ይላሉ፣ በሁለቱ መሀል ግማሽ ጥማድ የማይሞላ መሬት፣ ግን መሬት ነው፣ ጃርሶሊው፣ የአገር ሽማግሌዎቹ፣ ነገ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይቀመጣሉ፣ የሟች ቃል ካላችሁ አምጡ ብለዋል፣ ቃሉ ይሄው ጭኔ ላይ፣ በዚህ የብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበታል።

ሐሙስ መብረቅ ወረደ፣ የኦቦ ጎበና ባሕር ዛፍ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ኮምፒውተሩ ድምፁ ጠፋ።

ይቺ ልጅ ናት፣ ይላሉ ኦቦ ጎበና፣ ከጠዋት ጀምሮ አራተኛ ጊዜያቸው ነው፣ እኔ ከብት ላስገባ ወጥቻለሁ፣ ቆጣሪውን አውርጂ ብዬአት ሞባይሏን ቻርጅ ስታደርግ ረስታዋለች፣ ዱርሲቱ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ከከድሩ አጠገብ ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፣ ሐሙስ ማታ አውርጃለሁ ብላለች፣ ዓርብም ብላለች፣ ዛሬ መናገሩን ትታዋለች።

አውርዳለች።

አክመል ያውቃል። ከጠዋት ጀምሮ። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ያለው ነገር ጎኑን ይወጋዋል።

በኋላ፣ በኋላ፣ መጀመሪያ ዲስኩ፣ እጅህን ተመልከት፣ ይላል ለሆዱ አድማጭ፣ ይቺ ከዲስኩ ሆድ ሥር ያለችው አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፣ ኃይል በሚገባባት በኩል አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥቁር ዕቃ አለች፣ ዳዮድ፣ ሥራዋ ዘበኝነት ነው፣ ከልክ ያለፈ ኃይል በሩ ላይ ሲደርስ ራሷን ትጥላለች፣ መንገዱን በራሷ ሬሳ ትዘጋለች፣ ውስጥ ያለው ይተርፋል፣ ችግሩ ሬሳዋን የሚያነሳ የለም፣ ጤነኛው ኃይልም ከዚያ በኋላ መግባት ያቅተዋል፣ ሰው ዲስኩ ሞተ ብሎ ይጥለዋል፣ ስንቱ ተጥሏል በዚህ ክረምት፣ ቡራዩ ያለ ጓደኛው ሦስት ጥሏል፣ ሰበታም ሰምቷል፣ ዲስኩ እኮ አልሞተም ጀለሴ፣ ዘበኛዋ ናት የሞተችው፣ ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ ኢንተርኔት የነበረ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ በፍላሽ ያወረድኩት ቪዲዮ ነው፣ ሰውየው በፈረንጅኛ ሲያወራ ግማሹ አልገባኝም፣ እጁን እያየሁ ነው የተማርኩት፣ እጅ አይዋሽም።

ቴስተሩን ሁለቱ ጫፎች ላይ ያስነካል። ጢጥ ይላል። መጮህ አልነበረበትም፣ ጮኸ ማለት በሩ ተዘግቷል ማለት ነው።

መበየጃው ካውያ በመብራት ነው የሚግለው፣ መብራት የለም፣ ስለዚህ ጥፍር መቁረጫ።

ጥፍርህን ልትቆርጥ ነው ወይስ ልትሠራ ነው፣ ይላል ከድሩ፣ የአጎቱ ልጅ፣ የሚኒባሱ ሹፌር፣ አዲሱ ገበያ ሱሉልታ ሲመላለስ የሚውለው ሰው ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ መሪውን ታቅፎ ጫት የሌለው ቦዘኔ ሆኗል፣ አክመል የመቁረጫውን አፍ ከዳዮዷ ወገብ ላይ ያሳርፋል፣ ቢስሚላህ።

ቀጭ።

ፍርፋሪዋ ከመዳፉ ላይ ትቀራለች፣ እንደገና ቴስተር፣ ዝም፣ እሰይ፣ ዝም ሲል ነው ደስ የሚለው፣ አሁን ዘበኛ የለውም፣ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ኃይል ከገባ ሽማግሌው ለሁልጊዜ ይሄዳል፣ ይሄን ለኦቦ ጎበና አልነግራቸውም፣ ይሄን እንኳ አልነግራቸውም።

ኃይሉ ከየት ይመጣል ትለኛለህ፣ ጥሩ ጥያቄ፣ ይቺ ትልቋ ዲስክ ሁለት ዓይነት ምግብ ትፈልጋለች፣ ለማዞሪያዋ አስራ ሁለት ቮልት፣ ለአእምሮዋ አምስት፣ ላፕቶፔ አስራ ሁለት አይሰጥም፣ ማን ይሰጣል፣ የከድሩ ባትሪ፣ ከጋቢናው ወንበር ሥር ቁጭ ያለው፣ ንጹሕ አስራ ሁለት፣ አምስቱንስ፣ ከድሩ ሞባይሉን ቻርጅ የሚያደርግባት የሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካዋ፣ እሷ አምስት ናት፣ ሁለት ሽቦ ከባትሪው፣ ሁለት ሽቦ ከቻርጀሩ፣ ከዲስኩ ጋር በመረጃ ገመድ የተያያዘው ላፕቶፕ በራሱ ባትሪ፣ ሠላሳ አንድ ፐርሰንት፣ ሙሉ በሙሉ ከግድግዳ የተላቀቀ፣ ከቆጣሪ የተላቀቀ፣ ከምንም ገመድ ጋር ያልተጋባ፣ መብረቅ ቢመጣ የሚገባበት በር የለም፣ እንደዚህ ያለ ኮምፒውተር ቤት አዲስ አበባም አይገኝም።

ባትሪዬን ታደርቅብኛለህ አክሜ፣ ይላል ከድሩ፣ ዲስክ የሚበላው ያንተ የፊት መብራት ከሚበላው ስንት እጅ ያንሳል፣ እሺ ሞተሩን ላስነሳልህ ይሙላ፣ አታስነሳ፣ ከድሩ ስማኝ፣ ሞተር ሲነሳ ባትሪው አስራ አራትና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ዲስኩ ዘበኛ የለውም፣ ካስነሳኸው ያልቃል፣ እንግዲያው ቁልፉን ላውጣው፣ አታውጣው፣ ካወጣኸው መለኮሻው ይጠፋል፣ አምስቱ ይቋረጣል፣ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቁልፉ መሀል ላይ ይቁም፣ ወደፊትም አይዙር ወደኋላም አይዙር፣ አቦ ይሄ ልጅ መኪናዬን ጸሎት ቤት አደረገው፣ ይላል ከድሩ፣ ዱርሲቱ በከንፈሯ ጫፍ ትስቃለች፣ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ሳይሆን አይቀርም።

ይሰካል።

አንድ ሰከንድ። ሁለት። ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይነሳል፣ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ይረጋል፣ ጭኑ ላይ ንዝረቱ ይሰማዋል፣ እንደ ድመት፣ ተነሳ፣ አላልኩህም፣ ተነሳ፣ ኦቦ ጎበና በዱላቸው ወለሉን መታ ያደርጋሉ፣ ላፕቶፑ ላይ ፎልደሮቹ ይዘረዘራሉ፣ የዱርሲቱ የትምህርት፣ ፎቶ፣ የቲቪ ቅጂ፣ አካኮ፣ ይሄ ነው፣ አያቷን እንዲያ ነው የምትጠራቸው፣ ግልባጭ፣ አምስት ደቂቃ ይቀራል ይላል፣ ኮምፒውተር የሚለው አምስት ደቂቃ እንደ ታክሲ ረዳት አሁን እንሄዳለን ነው፣ ስምንት በል።

የቲቪ ቅጂ። ለምን እሱን አየሁት።

ሚያዝያ ላይ ኦቦ ጎበና ጠረጴዛው ድረስ መጥተው ዜናው የሚጀምረው እኔ ከብት በማስገባበት ሰዓት ነው፣ ሁሌ ያመልጠኛል፣ ዘንድሮ ደግሞ ዜና የሚያመልጥበት ዓመት አይደለም አሉት፣ እሱም ቀላል ነው አለ፣ አፉ ቀደመ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቲቪ ካርድ ከተተ፣ ከዲሹ የሚመጣውን ገመድ ለሁለት ከፈለና አንዱን ጫፍ ካርዱ ላይ አሰረው፣ ኮምፒውተሩ ዜናውን ይቀዳል፣ እሳቸው ከብት አስገብተው እራታቸውን እየበሉ ያያሉ፣ መንደሩ ተደነቀ፣ እሱም ተደነቀ በራሱ፣ ዲሹ የት ነው ያለው፣ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ አጠገብ፣ ሰማይ ላይ አፉን ከፍቶ፣ ቆጣሪ ብታወርድ ባታወርድ ምን ያገባዋል፣ ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ሲከፍተው ፓወር ሳፕላዩ ፊውዙ እንኳ አልተነካም፣ በመብራት ገመድ የገባ ቢሆን መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነበር፣ ቲቪ ካርዱ ግን ከሰል፣ የገመዱ መግቢያ ፈንድቶ፣ ከዚያ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ከዚያ ወደ ዲስኩ በር፣ መንገዱ በጥቁር ተጽፏል፣ ማንበብ ለሚችል፣ በከተማው ውስጥ ማንበብ የሚችለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ካርዱን ነቅሎ ኪሱ ከተተው፣ ማንም ሳያይ።

ለምን ከተትከው።

አላውቅም። እጅ አይዋሽም ያልኩት እኔ ነኝ።

ግልባጩ ሠላሳ ስምንት ፐርሰንት። ብልጭ ይላል፣ አክመል ይቆጥራል፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ድምፅ በሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው የሚጓዘው፣ ብልጭታውን ካየህ ጀምረህ ቁጠር፣ ለሦስት አካፍል፣ ያ ነው ርቀቱ፣ አስራ ሁለት ላይ ያጉረመርማል፣ አራት ኪሎ ሜትር፣ እዚያ ሩቅ ነው፣ የሚያስፈራው ሰማይ አይደለም ዛሬ።

ከመንገዱ ወዲያ ፉጨት ይሰማል። ረጅም። ከዚያ ሩጫ፣ አንድ ጎረምሳ በሚኒባሱ ጎን እያለፈ መጡ መጡ ይላል፣ መኪና ሙሉ ወታደር ነው፣ ድንጋዩን እያስነሱ ነው፣ ፊት ለፊት ያለው አይሱዙ ሞተሩን ያስነሳል፣ ቀጥሎ ያለው ዳማስም፣ ሹፌር ሁሉ በዚህ ሰዓት የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ መንገድ ዳር ቆሞ አለመገኘት፣ ከድሩ መስታወቱን ያያል፣ እጁ ሳያስበው ወደ ቁልፉ ይሄዳል፣ አስራ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ሃምሳ ስድስት ፐርሰንት፣ አክመል አፉን ይከፍታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ አይቀድምም፣ አይደርስም፣ ከድሩ አታ...

የዱርሲቱ እጅ ቁልፉ ላይ አርፏል።

መዳፏ ሙሉ። ቁልፉን ሸፍኖታል።

ልጅት፣ መኪናዬ ነው፣ ይላል ከድሩ፣ እኔ ስለ መኪናው ምንም አላልኩም፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ አክመል መሀል ላይ ይቁም ብሏል፣ ወደፊት ከዞረ ያልቃል፣ ወደኋላም ከዞረ ያልቃል፣ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፣ እጇ አይነቃነቅም፣ ከድሩ በኦሮምኛ ይማጸናታል፣ በአማርኛ ይቆጣል፣ በመጨረሻ እጁን ወደ ራሱ ይሰበስባል፣ ኦቦ ጎበና ልጃቸውን ያያሉ፣ ሰባ አንድ፣ ብልጭ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት ስድስት፣ ጓ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ይጀምራል፣ ሰማንያ ሰባት፣ ትልልቆቹ መኪኖች ከታች ብቅ ይላሉ፣ በዝግታ፣ አንደኛው ያልፋል፣ ሁለተኛው ያልፋል፣ ጭቃ ውኃ የሚኒባሱ መስታወት ላይ ይረጫል፣ ሦስተኛውም ያልፋል፣ ወደ ጫንጮ፣ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ስምንት።

አለቀ። ይሄኛው በእውነት አለቀ።

ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ የዲስኩ ፉጨት ይወርዳል፣ ይተኛል፣ አሁን ሽማግሌው ላፕቶፑ ውስጥ ናቸው፣ ፍላሽ ላይም ይገለብጣቸዋል፣ የዱርሲቱ ሞባይል ላይም፣ ሦስት ቦታ፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር የለም ማለት ነው፣ ይሄን ደግሞ ያዝልኝ። ከዚያ ይከፍተዋል።

የጥር ፀሐይ። ቢጫ ሣር። ኦቦ ቱፋ ነጭ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከፈፋው ይሻገራሉ፣ ቀስ ብለው፣ ካሜራው ከኋላ ይንገዳገዳል፣ የዱርሲቱ ትንፋሽ ይሰማል፣ አካኮ ቀስ በሉ፣ እሳቸው አይሰሟትም፣ ከጽዱ ሥር ግማሹ የተቀበረ ድንጋይ ጋ ይደርሳሉ፣ በዱላቸው ሁለት ጊዜ ይመቱታል፣ ኩን ዳንጋ ኬኛ፣ ይላሉ፣ ወሰናችን ይሄ ነው፣ ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረው፣ ገብቷል ወይ፣ ብለው ይጠይቃሉ፣ በልጅቷ እጅ ባለው ነገር ውስጥ ድምፃቸው መግባቱን ለማወቅ።

ገብቷል አባባ፣ ይላሉ ኦቦ ጎበና። ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነው፣ መቼ እንዳወለቁት ማንም አላየም።

ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር፣ ባለሙያው አዳነ፣ ሽማግሌው ተናገሩ፣ ኦቦ ጎበና የአክመልን ትከሻ ይይዛሉ፣ ገላቶሚ ኢልማ ኮ፣ ተባረክ ልጄ፣ ይሉታል፣ ደስ ይላል፣ ከዚያ ወደ ዱርሲቱ ይዞራሉ፣ እጅሽ ዛሬ ጥሩ ሠራ፣ ሐሙስም እንዲህ ብትነቂ ኖሮ፣ እሱ የጻፈውን እንኳ አንብበሽ ብታደርጊ፣ ዱርሲቱ እጇን ከቁልፉ ላይ ታነሳለች። መዳፏ ላይ የቁልፉ እጀታ ታትሟል።

ጎኑን ይወጋዋል። የኪሱ ነገር።

ሰው እኮ የተማረውን ሁሉ ሲያስረዳ ይውላል፣ የተሳሳተውን ካላስረዳ ግን ምን አስረዳ፣ ይላል ለአድማጩ፣ አድማጩ መልስ የሰጠበት ቀን የለም፣ ስለዚህ አክመል ጥቁሩን ካርድ ያወጣና ኦቦ ጎበና ጉልበት ላይ ያስቀምጠዋል።

«ኦቦ ጎበና፣ ዱርሲቱ ቆጣሪውን አውርዳለች። መብረቁ የገባው በዲሹ ነው፣ ሚያዝያ ላይ እኔ በከፈትኩት በር።»

ኦቦ ጎበና ካርዱን ያነሱታል፣ ያገላብጡታል፣ ጥላሸቱ አውራ ጣታቸው ላይ ይቀራል። «ዱጉማ?» ይላሉ፣ እውነትህን ነው እንደማለት።

እውነቴን ነው፣ ይሄው መግቢያው፣ እዚህ ጋ ፈነዳ፣ እያለ ያስረዳል፣ በጣቱ መንገዱን እያሳየ፣ ገመዱ፣ ካርዱ፣ ማዘርቦርዱ፣ የዲስኩ በር፣ ቆጣሪው በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም፣ ጽሑፌ ጎደሎ ነበር፣ አለቀ ያልኩት ሳያልቅ ነው፣ ጠዋት አውቄ ነበር፣ ይሄን ሲል ድምፁ ይወርዳል፣ ግን ይለዋል፣ ጠዋት አውቄ ነበር።

ኦቦ ጎበና ካርዱን እንደያዙ፣ ወደ ልጃቸው ዞር ሳይሉ በኦሮምኛ አንድ ቃል ይሏታል፣ ቀስ ብለው፣ አክመል አይሰማውም፣ ለእሱ የተባለ አይደለም፣ ዱርሲቱ ራሷን ነቅንቃ እሺ ትላለች።

«ሁለት ቀን ሙሉ ተናግሬ ነበር» ትላለች ለአክመል፣ «እኔን ለማመን ካርድ መቃጠል አለበት?»

ለዚህ የተቀረጸ ቪዲዮ የለም፣ ይቅርታ ይላል፣ አጭሩን ቃል፣ ማብራሪያ የሌለውን፣ ከድሩ ከፊት ይስቃል፣ አልሃምዱሊላህ ዛሬ አክሜ በአንድ ቃል ተናግሮ ዝም ሲል ሰማን፣ ኦቦ ጎበና በመስኮቱ ወደ በረንዳው በዱላቸው ይጠቁማሉ፣ ከንፈራቸው ሥር የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።

«ጽሑፍህንማ አህያዬ ቀድማ አርማልሃለች።»

አህያዋ ገመዷ እስከሚደርስ ተንጠራርታ ካርቶኑን ከጫፉ ይዛዋለች፣ እያኘከች ነው፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ቆጣሪ ያውርዱ የሚለው ግድግዳው ላይ ቀርቷል፣ አለቀ የሚለው የለም፣ ገብቷል ሆዷ፣ እና አክመል ከሐሙስ ወዲህ እንደዚህ ስቆ አያውቅም፣ ዝናቡ ሳያባራ ወርዶ ይሮጣል፣ ማርከሩን ከጠረጴዛው ሥር ያወጣል፣ አህያዋን በክርኑ ገፋ አድርጎ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ ይጽፋል፣ እርጥቡ ካርቶን ቀለሙን ያሰፋዋል፣ የዲሹንም ገመድ ይንቀሉ፣ ቀጥሎ ማርከሩ ይቆማል፣ አለቀ ሊል ነበር፣ አይልም፣ ባዶውን ይተወዋል፣ ነገ ሌላ የሚማረው ነገር ቢኖርስ።

አንተም፣ የሆዴ አድማጭ፣ ወይ ማንም ሁን፣ ደመናው ገና ከእንጦጦ ሳይወርድ ተነስ፣ ቴሌቪዥንህ ኋላ ሂድ፣ ቆጣሪውን ከማውረድ ማንም አይከለክልህም፣ እሱ ግን ግማሹ ነው፣ ከጣሪያ የሚመጣውን ክቡን ገመድ ፈልገው፣ ጫፉ በጣት የሚዞር ነው፣ ካቻቢቴ አይፈልግም፣ ወደ ግራ ሦስት አራት ጊዜ፣ ይላቀቃል፣ መሬት ላይ ከሁሉም ዕቃ አርቀህ ጣለው፣ የምትወደው ሰው ድምፅ አንድ ቦታ ብቻ ካለም ዛሬውኑ ሁለተኛ ቦታ አስቀምጠው፣ እጅህ ያን ያህል ነው የሚፈልገው፣ በል ሞክረው።